ላይ ማን አላችሁ?

ካለፈው በልግ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

የጠየቁን ሽማግሌ ናቸው። ያገኘናቸው ከባቲ አለፍ ብሎ ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ ውስጥ ነው። ልብሳችንን አውልቀን ፏፏቴው ስር ልንገባ ስንዘጋጅ ከግራር ጥላ ተነስተው መጡ። ሽርጣቸውን እያጠበቁ ሰላም አሉን። ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ቀጥሎ የጠበቅኩት «ዋና ትችላላችሁ ወይ?» የሚል ነበር። እሳቸው ግን በዱላቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደጋው አመለከቱና «ላይ ማን አላችሁ?» አሉን።

ማንም አልነበረንም። ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። እኔ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው፤ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ስንቦጫረቅ ነው ያደግነው። ዱላቸው ያመለከተበት ደጋ ላይ ግን ዘመድ የለኝ፣ የምደውልለት ሰው የለኝ። ይህንኑ ነገርናቸው። አልተቆጡም። «እንግዲያስ አብሽሩ፣ ትንሽ ቁጭ በሉ» አሉና ወደ ግራሩ ተመለሱ።

ስለዚያ ቀን ያወራሁለት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፏፏቴው ቁመት፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ፎቶው ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ማውራት የምፈልገው ስለ ሽማግሌው ጥያቄ ነው።

ጥቁሩ ገደል ውስጥ

ከዋናው መንገድ ወርደን የሄድነው በደረቅ ወንዝ ውስጥ ነው። አሸዋው ጫማ ውስጥ ይገባል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ግራና ቀኙ ግራርና ቁልቋል ብቻ ነው። እዚህ አገር ውሃ አለ ብትባል አታምንም። ሸለቆው እየጠበበ ሲመጣ መጀመሪያ የሚለወጠው አየሩ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ፊትህን ይመታሃል። ቀጥሎ ድምፁ ይመጣል። አንድ ጠመዝማዛ ዞር ስትል ጥቁር ገደል ላይ ነጭ ውሃ ተንጠልጥሎ ታገኛለህ።

ከስሩ ያለውን ጥልቅ ውሃ የአካባቢው ሰው «ባሕሩ» ይለዋል። ከባሕሩ የሚወጣው ውሃ ጥቂት እንደሄደ አሸዋው ይውጠዋል። ለዚህ ነው ከመንገዱ ላይ ሆኖ ምንም የማይታየው።

ይህ ሁሉ የመሬቱ ሥራ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ባቲ ከእሷ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከባቲ ወዲያ መሬቱ ገና ወደ አዋሽ ሜዳ ይወርዳል። ደጋ ላይ የዘነበው ውሃ ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው በአጭር መንገድ ነው፤ ስለዚህ ይቸኩላል። ገደሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ወጥቶ ፈስሶ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በአንዴ የመጣ አይደለም፤ አንዱ ፍሳሽ በሌላው ላይ እየተነባበረ ነው። ጠንካራው ንብርብር ይቆማል፤ ከስሩ ያለው ልፍስፍሱ ይበላል። ውሃው ከዚያ ዘሎ ሲወርድ ያመጣውን ጠጠርና ድንጋይ እያሽከረከረ ወለሉን ይቦረቡራል። እኛ የምንዋኝበት ባሕር በዚህ መንገድ የተቦረቦረ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ደግሞ በጋ ላይ የምናየው ቀጭን ውሃ አይደለም። ጎርፍ ነው። ያን ቀን ይህን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር፤ አሁን ፏፏቴ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

ግራሩ ላይ የተሰቀለው ስልክ

ሽማግሌው ግራሩ ስር ደርሰው እጃቸውን ወደ ቅርንጫፉ ሰደዱ። ቅርንጫፉ ላይ ጥቁር ፌስታል ተንጠልጥሏል። ከፌስታሉ ውስጥ ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ አወጡ። በሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ያለው እዚያች ቅርንጫፍ ጋ ብቻ ነው። ኪስ ውስጥ ቢይዙት አይጠራም። ስለዚህ ጠዋት ይሰቅሉታል፣ ማታ ያወርዱታል።

ደወሉ። የሴት ድምፅ ተሰማ።

«እቴ፣ ደህና ዋላችሁ? ከብቱ፣ ልጆቹ? አልሃምዱሊላህ። ሰማዩ እንዴት ነው?»

የሴትዮዋን መልስ በትክክል አልሰማሁትም። እሳቸው «ጠቁሯል ግን አልጣለም» ብለው ደገሙልን። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሰው «ከጣለ ሚስኮል አድርጊልኝ፤ እንግዶች አሉብኝ» አሏት።

ይህ ነበር የሆነው። ጥሪው ከአንድ ደቂቃ የበለጠ አልፈጀም። እኔን ግን ባለሁበት አቆመኝ። ከኛ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ዘጠኝ ሰዓት እንኳ ገና አልሆነም። ሦስታችንም ስማርት ስልክ ይዘናል፤ የአየር ጠባይ የሚያሳይ መተግበሪያም አለን። አንዳችንም ግን ያ ውሃ ከየት ተነስቶ እንደሚመጣ አናውቅም ነበር። ሽማግሌው በዚያች አሮጌ ስልክ የጠየቁት እኛ ከቆምንበት ቦታ የማይታየውን ሰማይ ነው። ለሸለቆው የሚቆጠረው ደግሞ ያ ሰማይ ብቻ ነው።

«ግቡ» አሉን። «ስጠራችሁ ግን አንድ ጊዜ ነው የምጠራው።»

ነጩ ውሃ

ገባን። ውጪው እንደዚያ እየጋለ ውሃው ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ የምትገባው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ነው። ደረቴ ድረስ ስገባ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ዳር ይዤ እስኪመለስ ጠበቅኩ። ሰው እንዲህ ካለ ብርድ ውስጥ ድንገት ዘሎ ሲገባ ሳያስበው በኃይል አየር ይስባል። ያኔ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ አለቀ። ቀስ ብሎ መግባት ከፍርሃት የሚቆጠር አይደለም።

ውሃው ውስጥ ቀድመውን የገቡ ልጆች ነበሩ። እረኞች ናቸው፤ ፍየሎቻቸው ዳገቱ ላይ ይታያሉ። ባዶ ጀሪካን በገመድ አስረው ይዘዋል። የደከመው ጀሪካኑን ያቅፋል፤ ሌላው ገመዱን ይስባል። ከመካከላቸው ትልቁ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጓደኛዬ ወደ ፏፏቴው ስር ሲዋኝ አየውና «ነጩ ላይ አትግባ! ነጩ ሰው አይሸከምም!» ብሎ ጮኸ።

ልጁ ትክክል ነው። ፏፏቴው ስር የሚፈላው ነጭ ውሃ ግማሹ አየር ነው። ክንድህን ስትዘረጋ የምትገፋው ነገር የለም፤ ሰውነትህም እንደሌላው ውሃ አይንሳፈፍም። በዚያ ላይ የሚወርደው ውሃ ወደ ታች ይገፋሃል። ትንሽ ወጣ ስትል ደግሞ ላይ ላዩን የሚመለሰው ውሃ ወደ ፏፏቴው መልሶ ይስብሃል። ለልጁ ይህን ያስተማረው የለም። ባሕሩ ራሱ ነው ያስተማረው።

ሌላም ነገር ነገረን። ከገደሉ ወገብ ላይ ዘለን እንግባ ወይ ብለን ስንጠይቀው «ዘንድሮ ስሩን አላየነውም» አለ። በጋ ሲበረታ ባሕሩ ይጎድላል። ያኔ ልጆቹ ወርደው የቱ ጋ ቋጥኝ እንዳለ ያያሉ። ጎርፍ ግን ቋጥኝ ያንቀሳቅሳል። አምና ጥልቅ የነበረው ቦታ ዘንድሮ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ድንጋይ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ወለሉን በየዓመቱ አዲስ ሳያዩ አይዘሉም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ? ከከተማ የምንመጣ ሰዎች የሌላ ሰው ዝላይ በቪዲዮ አይተን እዚያው ቦታ እንዘላለን። ቪዲዮው የተቀረጸው ከጎርፉ በፊት ይሁን በኋላ አንጠይቅም።

በጀርባዬ ተኝቼ ተንሳፈፍኩ። ሰማዩ በሁለቱ ገደሎች መሃል እንደ መቀነት ቀጥኖ ይታያል። አንዲት ወፍ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ጅራቷን ታወዛውዛለች። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ስለሆነ የፏፏቴው ጩኸት በአጥንቴ ነው የሚሰማኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ማለት እችላለሁ። አያቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚሉት በዚህ ሰዓት ነው።

ፉጨት ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ከአቦል እስከ በረካ

ልጆቹ ወዲያው ወጡ። አንዳቸውም ለምን ብሎ አልጠየቀም። እኛም ተከትለናቸው ወጣን፤ ልብሳችንን ይዘን ወደ ግራሩ ወጣን። ሚስኮሉ መጥቷል። ላይ ጥሏል።

የሽማግሌው ምራት ቡና ይዛ መጣች። ጀበናው ተጣደ። ሽማግሌው ውሃው ከሴትዮዋ መንደር እዚህ እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት አይለኩትም። «አቦሉ ተጀምሮ በረካው እስኪጠጣ» ነው የሚሉት። ይህ ግን ሁልጊዜ እኩል አይደለም። መሬቱ ደርቆ ከሰነበተ አሸዋው የፊት የፊቱን ይጠጣዋል፤ ጎርፉ ይዘገያል። ትናንት ዘንቦ ከሆነ ግን መሬቱ ጠግቧል፤ ቶና ሳይደርስ ሊመጣ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ጨርሶ አይመጣም፤ መንገድ ላይ ያልቃል። «ያኔ ቡናችንን ጠጥተን እንመለሳለን፤ ምን ከሰርን?» አሉ።

አቦል ጠጣን። ምንም የለም። ቶና ጠጣን። ፀሐዩ እንዳለ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ቅር ብሎታል። ይህን ለማየት ከአዲስ አበባ ድረስ ነው የመጣው። «ፀሐይ ናት እኮ፤ ቢያንስ እግሬን ልንከር» አለ። ሽማግሌው መልስ አልሰጡትም። ስኒውን ብቻ ተቀብለው ለምራታቸው አቀበሉ። እሱም ዝም ብሎ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የሰሙት ልጆቹ ናቸው። የፏፏቴው ድምፅ ወፍራም ሆነ። ከዚያ ነጩ ውሃ ጠርዙ ላይ ቡናማ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው የጠበቅኩት ዓይነት ግድግዳ የሚያህል ማዕበል አልነበረም። አረፋ ነው። አረፋው የደረቀ ቅጠል፣ የከብት ፋንድያ፣ እንጨት፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሸክሟል። ቀስ ብሎ የሚመጣ ይመስላል። ሰው እዚያ ቢኖር ቆሞ ሊያየው ይችል ነበር። ዓይኔን ከአረፋው ላይ ሳላነሳ ከኋላው ያለው ውሃ ደረሰ። ልብሳችንን አስቀምጠንበት የነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸፈነ። ከዚያ ባሕሩም፣ ዳሩም፣ የመጣንበት የአሸዋ መንገድም አንድ ሆነ። ከውሃው ስር ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይሰማል፤ የተቀመጥንበት መሬት ይንቀጠቀጣል። አየሩ የጭቃ ጠረን ሞላው።

ሰማዩ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ጠብታ አልጣለም።

ጓደኛዬ ስኒውን እንደያዘ ቀርቷል። ቁርጭምጭሚትን እምብዛም ያላለፈ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ያለው ጎርፍ በፍጥነት ከሄደ ትልቅ ሰው መጣል ይችላል። እግሩን ሊነክር የነበረው እዚያ ውስጥ ነው።

ቁጥሩ የተገኘው ገበያ ነው

ሽማግሌውንና ሴትዮዋን ምን እንዳገናኛቸው ጠየቅኳቸው። የሥጋ ዘመድ አይደሉም። ያገናኛቸው የሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ባቲ ሰኞ ደገኛው እህሉን፣ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ወሎ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሴትዮዋ ከሩቅ ስለምትመጣ እሁድ ማታ እሳቸው ቤት ታድር ነበር። በልጅነቷ ከእናቷ ጋር፣ በኋላ ብቻዋን፣ አሁን ከልጆቿ ጋር። በዚህ መሃል ስልክ መጣ። ቁጥር ተለዋወጡ። የደጋው ዝናብ የሚነገርበት መንገድ እንዲህ ተፈጠረ። ማንም አላቋቋመውም፤ በጀት የለውም፤ ካርድ እንኳ አይበላም፣ ሚስኮል ነውና።

«ላይ ማን አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ሲመላለስብኝ የኖረው ለዚህ ነው። ቆላው ደጋው ላይ ሰው ከሌለው ሜዳ ላይ ነው። ፏፏቴ ፍለጋ ስንወጣ ግን ሁላችንም የምናስበው ቦታውን ብቻ ነው። ባዶ፣ ንጹህ፣ «ያልተነካ» ቦታ እንፈልጋለን። ሰው የሌለበት ባሕር ይበልጥ ያምረናል። እኔ አሁን የማምነው ተቃራኒውን ነው። ልጆች የማይዋኙበት፣ እረኛ ዳር ላይ ያልተቀመጠበት ባሕር ውስጥ አልገባም። ሰው ያልገባበት ምክንያት ይኖረዋል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ያን ሌሊት ከላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። አደጋው የእኛው ቆላ ላይ የምናየው ዓይነት ነው፤ ዝናቡ ሌላ ቦታ፣ ሞቱ ሌላ ቦታ። ከተማ ስለነበር አገር ሰማው። ሸለቆ ውስጥ አንድ እረኛ ወይም አንድ እንግዳ ሲወሰድ የሚሰማው መንደሩ ብቻ ነው።

ወደነዚህ ሸለቆዎች የሚሄደው ወጣት እየበዛ ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከአዲስ አበባ። መሄዱ ደስ ይለኛል። ይህ አገር እንዲታይ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ስለ «ልማት» ሲወራ የምሰማው ስለ በር፣ ስለ ትኬትና ስለ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳ አሁን ላይ እየዘነበ መሆኑን ሊያውቅ አይችልም። የሜትሮሎጂ ትንበያ ይጠቅማል፤ ጠዋት ሳልሰማው አልወጣም። ለአንዲት ጠባብ ሸለቆ ግን ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ደመናው ላይ የጣለች ሴትን አይተካም። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ለእሷና ለልጆቹ ይውጣ። በበልግና በክረምት ላይና ታች አንድ አንድ ሰው በደሞዝ መቅጠር ከአጥር ይረክሳል።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ከሽማግሌው የልጅ ልጆች አንዱ ሳውዲ ነው። ሁለተኛው በጅቡቲ በኩል ለመሄድ ያስባል፤ እናቱ ሌሊት ተነስታ ጫማው መኖሩን ታያለች አሉኝ። ያ ልጅ ውሃውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ነጩንና ጥቁሩን፣ የቋጥኙን ቦታ፣ የድምፁን መወፈር። እሱ ሲሄድ ይህ ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ሚስኮሉ ሲመጣ ግራሩ ስር የሚያነሳው ሰው ላይኖር ይችላል።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል። ጠዋት ግቡ፤ ደጋው ላይ በብዛት የሚጥለው ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ መውጫችሁን ተመልከቱ፤ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ ከሌለ አትውረዱ። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ቅጠል መሸከም ከጀመረ ዕቃችሁን ትታችሁ ውጡ። ቢልሃርዝያንም አትርሱ። እኛ የቦርከና ልጆች ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሰማነው ነው። ቀንድ አውጣ ባለበት፣ በቆመ ወይም ዝግ ብሎ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ትሉ በቆዳ ይገባል። ሣር የበዛበትን ዳር ተዉት፤ ከሳምንታት በኋላ ሆዳችሁን ካመማችሁ ተመርመሩ፤ መድኃኒት አለው።

ስንሰናበት ለሽማግሌው ገንዘብ ልንሰጥ ሞከርን። አልቀበልም አሉ። ልጆቹን ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅናቸው። ገመድ አሉን። ጀሪካኑ የታሰረበት ገመድ ተበልቷል፤ ሁለት ቦታ ተቋጥሯል፤ ከባሕሩ ወዲያኛው ዳርም አይደርስም። ወፍራምና ረጅም የናይሎን ገመድ ኮምቦልቻ ይሸጣል። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ይዛችሁላቸው ሂዱ።